ሮበርት ኦዌን፦ ለሠራተኛ ዕረፍት የታገለው የኅብረት ሥራ ፈር ቀዳጅ

የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሥልጠና የወሰደ አባል ሁሉ የሮበርት ኦዌንን ስም ሳይሰማ አይቀርም። ስሙ በአብዛኛው የሚነሳው ከሮችዴል መሥራቾች በፊት የኅብረት ሥራን ሐሳብ ያስፋፋ ሰው በመሆኑ ነው። ይህ ትክክል ነው። ይሁንና ኦዌን ስለ ኅብረት ሥራ መንደሮች መጻፍ ከመጀመሩ በፊት በነበሩት ዓመታት የታገለለት አንድ ሌላ ጉዳይ ነበረ። ይኸውም የሠራተኛ የሥራ ሰዓት ነው። አንድ ሰው በቀን ስንት ሰዓት ይሥራ? መቼ ይብላ? መቼ ይረፍ? ስንት ዓመት ያልሞላው ልጅ ከፋብሪካ ይራቅ? እነዚህን ጥያቄዎች የፋብሪካ ባለቤት ሆኖ ሳለ በራሱ ፋብሪካ ለመመለስ ሞከረ። የሌሎች ባለሀብቶች በጎ ፈቃድ እንደማይበቃ ሲረዳም ጉዳዩን ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት ወሰደው።

ዩኒየናችን የምሥረታ በዓሉን በሚያከብርበት በዚህ ልዩ ዕትም የኦዌንን ሕይወት ከዚህ ወገን ለማየት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ማኅበራትና ዩኒየኖች የአባላት መሰብሰቢያ ብቻ አይደሉም፤ አሠሪዎችም ናቸው። ምርት የሚያበጥሩ፣ ጆንያ የሚሸከሙ፣ ሚዛን የሚይዙ፣ መጋዘን የሚጠብቁና ሒሳብ የሚሠሩ ሠራተኞችን ይቀጥራሉ። ስለዚህ የኦዌን ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ነው።

ለአንባቢ እንዲያመች፣ የውጭ አገር ታሪክን የሚመለከቱት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የቀኑ ሰዓት ግን እንደ አገራችን አቆጣጠር ተጽፏል።

ልጅነቱና የሱቅ ሥራ

ሮበርት ኦዌን ግንቦት 14 ቀን 1771 በዌልስ፣ ኒውታውን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። አባቱ ኮርቻ የሚሠራና የብረታ ብረት ዕቃ የሚሸጥ ሰው ነበር። ኦዌን ከሰባት ልጆች ስድስተኛው ነበር። ትምህርት ፈጥኖ ስለገባው ገና በሰባት ዓመቱ መምህሩን እየረዳ ታናናሾቹን ያስተምር ጀመር። ሆኖም የትምህርት ቤት ቆይታው አጭር ነበር። ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ሲሆነው ትምህርቱን አቁሞ በሠፈሩ ሱቅ ተቀጠረ። በአሥር ዓመቱ ደግሞ ቤተሰቡን ተሰናብቶ ወደ ለንደን፣ ከዚያም ስታምፎርድ ወደተባለች የእንግሊዝ ከተማ ሄዶ ለአንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ተለማማጅ ሆነ። ስምምነቱ መጀመሪያው ዓመት ያለ ደመወዝ፣ ሁለተኛው ዓመት በ8 ፓውንድ፣ ሦስተኛው ዓመት በ10 ፓውንድ እንዲሠራ ነበር።

የስታምፎርዱ ነጋዴ ጨዋ ሰው ነበር። ገበያው በአብዛኛው የሚደራው ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ስለነበረ ልጁ የሚያርፍበት ጊዜ ያገኝ ነበር። ነጋዴው ጥሩ የመጻሕፍት ስብስብም ነበረው። ኦዌን በዚያ ቤት በቀን አምስት ሰዓት ያህል ያነብ እንደነበር በሕይወት ታሪኩ ገልጿል። መደበኛ ትምህርቱን በዘጠኝ ዓመቱ ያቆመ ልጅ የተማረው በዚህ ትርፍ ጊዜ ነው።

ቀጥሎ የገባበት የለንደን ሱቅ ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። ሱቁ በለንደን ድልድይ ላይ ያለ፣ ደንበኛው የበዛ ቤት ነበር። ደመወዙ በዓመት 25 ፓውንድ ሆኖ ምግብና መኝታ ይጨምራል። በገበያ ወቅት ሠራተኞቹ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ጀምረው ሲቆሙ ይውላሉ። ምግባቸውን በየተራ እየተጣደፉ ይበላሉ። ሱቁ ከተዘጋ በኋላ የተበታተነውን ጨርቅ አጣጥፈው ወደ ቦታው ሲመልሱ ብዙ ጊዜ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ይሆን ነበር። ኦዌን ደረጃውን ወጥቶ ወደ መኝታው ለመድረስ የእጅ መደገፊያውን ይዞ ራሱን እየጎተተ ይወጣ እንደነበር፣ ለእንቅልፍ የሚተርፈውም አምስት ሰዓት ያህል ብቻ እንደነበር ከብዙ ዓመታት በኋላ አስታውሶ ጽፏል። ለዚያ ሁሉ የሌሊት ሥራ የተለየ ክፍያ አልነበረም። ወቅቱ ሲያልፍ ሌላ ሥራ ፈልጎ ወደ ማንችስተር ሄደ።

ከተቀጣሪነት ወደ ሥራ አስኪያጅነት

በዚያን ጊዜ ማንችስተር የጥጥ ፋብሪካዎች እንደ እንጉዳይ የሚፈሉባት ከተማ ነበረች። ኦዌን ከወንድሙ 100 ፓውንድ ተበድሮ ከአንድ መካኒክ ጋር በሽርክና የፈትል መሣሪያ መሥራት ጀመረ። ቆየት ብሎም ለብቻው ጥቂት ሠራተኞች ይዞ ክር ማምረት ቻለ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው 500 ያህል ሠራተኞች ያሉትን ትልቅ የፈትል ፋብሪካ በሥራ አስኪያጅነት እንዲመራ ተቀጠረ። የጠየቀው ደመወዝ በዓመት 300 ፓውንድ ነበር፤ ባለቤቱም በዚሁ ተስማማ።

ኦዌን ሥራውን ሲረከብ ለስድስት ሳምንታት አንድም ትእዛዝ አልሰጠም። ጠዋት ከሁሉም ቀድሞ ይገባል፤ ማታ ከሁሉም ኋላ ይወጣል። ማሽኖቹንም ሰዎቹንም በጥሞና ይመለከት ነበር። በዚህ ጊዜ ያስተዋለው ነገር ዕድሜ ልኩን አልተለየውም። ባለቤቶች ለማሽን ዘይት ይቀባሉ፤ ሲበላሽ ያሳድሳሉ፤ ሲሞቅ ያሳርፋሉ። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰውን ሰው ግን እስኪወድቅ ድረስ ያሠራሉ። የእኛ አገር አርሶ አደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ጥማዱን ቀኑን ሙሉ ከቀንበር ሳይፈታ የሚያውል ገበሬ በማግሥቱ የሚያርስበት በሬ አይኖረውም።

ኒው ላናርክ

በ1799 ኦዌን ከሸሪኮቹ ጋር ሆኖ በስኮትላንድ በክላይድ ወንዝ ዳር የሚገኘውን የኒው ላናርክ የጥጥ ፈትል ፋብሪካ በ60,000 ፓውንድ ገዛ። ሻጩ ዴቪድ ዴል የተባለ የግላስጎው ባለሀብት ሲሆን፣ ኦዌን በዚያው ዓመት ልጁን ካሮላይንን አገባ። የፋብሪካውን አስተዳደር የተረከበው በጥር 1800 ነው።

ፋብሪካው በወንዙ ኃይል የሚሠራ ሲሆን መንደሩ ከ1,500 እስከ 2,000 የሚደርስ ሕዝብ ነበረው። ከእነዚህ መካከል 500 ያህሉ ከኤደንብራና ከግላስጎው የድሆች መጠለያዎች የመጡ ልጆች ነበሩ። ዴል ከዘመኑ አሠሪዎች ጋር ሲነጻጸር ደግ ሰው እንደነበረ ኦዌን ራሱ መስክሯል። ልጆቹ በደንብ ይበሉ ነበር፤ ማደሪያቸውም ንጹሕ ነበር። ይሁንና የአምስት፣ የስድስትና የሰባት ዓመት ልጆች ጭምር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ገብተው ከምሽቱ 1 ሰዓት ይወጡ ነበር። ለምግብ ከሚሰጠው አንድ ሰዓት ተኩል በስተቀር 11 ሰዓት ተኩል በሥራ ላይ ናቸው። ከዚያ በኋላ ማታ ትምህርት ቤት እንዲገቡ ይደረግ ነበር። ትምህርት ቤት መኖሩ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ የዋለ ሕፃን ፊደል ይዞ ያንቀላፋል እንጂ አይማርም። ኦዌን ያየው ይህን ነው። ደግነት ብቻውን፣ ሰዓት ካልተወሰነለት፣ ልጆቹን ከጉዳት አላዳናቸውም።

ኦዌን ከድሆች መጠለያዎች ልጆች መቀበሉን አቆመ። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ከፋብሪካው ገብቶ እንዳይሠራ ከለከለ። ድብደባና ስድብ እንዲቀር አድርጎ በምትኩ ከየሠራተኛው መሥሪያ ቦታ አጠገብ አራት ገጽ ያላት ትንሽ እንጨት ሰቀለ። ጥቁር መጥፎ፣ ሰማያዊ መካከለኛ፣ ቢጫ ጥሩ፣ ነጭ እጅግ ጥሩ ማለት ነበር። የትናንቱ የሥራ ውጤት በየዕለቱ በዚያች እንጨት ይታያል። በተሰጠው ደረጃ ያልተስማማ ሠራተኛ በቀጥታ ለኦዌን አቤት ማለት ይችል ነበር።

በመንደሩ የነበሩት ሱቆች መጥፎ ዕቃ በውድ ዋጋ፣ ያውም በዱቤ ይሸጡ ነበር። ኦዌን ጥራት ያለው ዕቃ በጅምላ እየገዛ ከመግዣው ብዙም ባልራቀ ዋጋ የሚሸጥ ሱቅ ከፈተ። በዚህም የመንደሩ ነዋሪ ወጪ በአራተኛ እጅ ያህል እንደቀነሰ ይነገራል። የሱቁ ትርፍ ለትምህርት ቤቱ ይውል ነበር። ሠራተኞችም ከደመወዛቸው ከስልሳ አንድ እጅ እያዋጡ ለሕመምና ለእርጅና የሚረዳ መጠባበቂያ ያዙ።

የመንደሩ ሰው ግን በመጀመሪያ አላመነውም። ባዕድ ነው፤ ትርፉን ለማብዛት የመጣ ነው ብሎ ጠረጠረው። ልባቸው የተመለሰው የአሜሪካ መንግሥት ንግድን ባገደበትና የጥጥ ዋጋ በናረበት ወቅት ነው። ሌሎች ፋብሪካዎች ሠራተኞቻቸውን ሲያሰናብቱ ኦዌን ማሽኖቹን አቁሞ ሠራተኞቹ መሣሪያዎቹን ብቻ እንዲንከባከቡ አደረገ። ለአራት ወራትም ሙሉ ደመወዝ ከፈለ። ወጪው ከ7,000 ፓውንድ በላይ ነበር። ሥራ የቆመው በእነርሱ ጥፋት እንዳልሆነ፣ ስለዚህም ኪሳራው የእነርሱ ብቻ ሊሆን እንደማይገባ ያምን ነበር። ከዚያ በኋላ የመንደሩ ሰው እንደ ባዕድ አላየውም።

ከሸሪኮች ጋር የነበረው ክርክር

ኦዌን የሥራ ሰዓቱን ለማሳጠር በተደጋጋሚ ሞክሯል። ሸሪኮቹ ግን እያንዳንዱን የዕረፍት ሰዓትና ለትምህርት ቤት የሚወጣውን እያንዳንዱን ፓውንድ እንደ ኪሳራ ይቆጥሩ ነበር። ክርክሩ እየከረረ ሄዶ በ1813 መጨረሻ ፋብሪካው ለጨረታ ቀረበ። ነባር ሸሪኮቹ በርካሽ ሊያስቀሩት አስበው ነበር። ኦዌን ግን በምስጢር አዳዲስ ሸሪኮች አሰባስቦ በ114,100 ፓውንድ አሸነፋቸው። ከአዲሶቹ ሸሪኮች መካከል ታዋቂው የሕግ ፈላስፋ ጀረሚ ቤንታም ይገኝበታል። የስምምነታቸው ዋና ነጥብ ለካፒታላቸው በዓመት ከ5 በመቶ በላይ ወለድ እንዳይወስዱ፣ ከዚያ የሚተርፈው ለሠራተኞችና ለልጆች ጥቅም እንዲውል ነበር። ውድ አንባቢያን፣ ለዕጣ የሚከፈል ወለድ የተወሰነ እንዲሆን የሚያዘው የማኅበራት አሠራር ይህን እንደሚያስታውስ ልብ ይሏል።

በአዲሱ ሽርክና ዘመን ኦዌን ያሰበውን ለመፈጸም ዕድል አገኘ። በጥር 1816 በመንደሩ መካከል ሰፊ የትምህርት ተቋም ተከፈተ። በእግሩ መሄድ ከጀመረ ሕፃን አንስቶ ቀን ቀን ልጆች፣ ማታ ማታ ደግሞ ሠራተኞች ይማሩበት ጀመር። በዚያው ጊዜ የሥራ ሰዓቱ እንዲያጥር ተደረገ። ፋብሪካው በቀን ለ12 ሰዓት ክፍት ሆኖ ለቁርስ ግማሽ ሰዓት፣ ለምሳ ሦስት ሩብ ሰዓት ማሽኖቹ ይቆማሉ። የተጣራው ሥራ 10 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሆነ። ይህ ዛሬ ብዙ ነው። በዘመኑ ግን ሌሎች የጥጥ ፋብሪካዎች 13፣ 14 ሰዓት፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ ያሠሩ ነበር።

ውጤቱ በሁለት መንገድ ታየ። አንደኛ፣ ምርቱ በተቀነሰው ሰዓት ልክ አልቀነሰም። ያረፈ ሠራተኛ ክሩ ሲበጠስ ፈጥኖ ያያል፤ የሚያበላሸውም ይቀንሳል። ሁለተኛ፣ የማታ ትምህርት ቤቱ ተማሪ በየወሩ እየጨመረ ሄደ። ሰው ትምህርት የሚጠላ ይመስል የነበረው ስለደከመው ነበር እንጂ ስላልፈለገ አልነበረም።

ወደ ሕግ አውጪው ምክር ቤት

ኦዌን አንድ ፋብሪካ ብቻውን ሰዓት ቢቀንስ ሌላው በረጅም ሰዓት እያሠራ በዋጋ ሊወዳደረው እንደሚችል ያውቅ ነበር። ስለዚህ ለሁሉም እኩል የሚሠራ ሕግ ያስፈልግ ነበር። በ1815 የስኮትላንድ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤቶች በግላስጎው ሲሰበሰቡ ሁለት ሐሳቦችን አቀረበላቸው። የመጀመሪያው መንግሥት በጥጥ ላይ የጣለውን ቀረጥ እንዲያነሳ መጠየቅ ነበር። ሁለተኛው የልጆችንና የሠራተኞችን የሥራ ሰዓት በሕግ መወሰን ነበር። የመጀመሪያውን ሁሉም በአንድ ድምፅ ደገፉ። ሁለተኛውን የደገፈ አንድም ሰው አልተገኘም።

ኦዌን ተስፋ አልቆረጠም። ልጁን ሮበርት ዴልን አስከትሎ በየፋብሪካው እየዞረ የልጆችን ዕድሜ፣ የሥራ ሰዓታቸውንና የጤናቸውን ሁኔታ መረጃ ሰበሰበ። ከዚያም ረቂቅ ሕግ አዘጋጀ። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ እንዳይቀጠር፣ ከ18 ዓመት በታች ያለ በቀን ከ10 ሰዓት ተኩል በላይ እንዳይሠራ፣ የሌሊት ሥራ እንዲከለከልና ይህን የሚቆጣጠሩ ደመወዝ የሚከፈላቸው ተቆጣጣሪዎች እንዲሾሙ የሚል ነበር። ረቂቁን ለምክር ቤቱ ያቀረበው ራሱ የፋብሪካ ባለቤት የነበረው ሰር ሮበርት ፒል ነው።

በ1816 የምክር ቤቱ ኮሚቴ ኦዌንን ጠርቶ ለበርካታ ቀናት ጠየቀው። ተቃዋሚዎቹ ልጆች ሥራ ከፈቱ ይባልጋሉ፤ ሰዓት ከቀነሰ የውጭ አገር ተወዳዳሪ ገበያችንን ይወስዳል፤ ወላጆችም ይራባሉ አሉ። ኦዌን የኒው ላናርክን አሠራር በአኃዝ አስረዳ። አንዳንድ ባለቤቶች በክርክር ሲያቅታቸው ስሙን የሚያጠፋ ወሬ ፍለጋ እስከ መንደሩ ድረስ ሰው ላኩ።

ሕጉ የወጣው ከብዙ መጎተት በኋላ በ1819 ነው። ብዙ ነገር ተቀንሶበት ነበር። የሚመለከተው የጥጥ ፋብሪካዎችን ብቻ ሆነ። የመቀጠሪያ ዕድሜ ዘጠኝ ዓመት ተደረገ። ከ16 ዓመት በታች ላሉት የሥራው ሰዓት 12 ሆኖ ለቁርስ ግማሽ ሰዓት፣ ለምሳ አንድ ሰዓት እንዲሰጥ ታዘዘ። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ኦዌን የጠየቃቸው ተቆጣጣሪዎች አለመሾማቸው ነበር። ሕጉን የሚያስፈጽም ስላልነበረ አብዛኛው ባለቤት እንደ ቀድሞው ቀጠለ። ደመወዝተኛ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የተሾሙት በ1833 በወጣው ሌላ ሕግ ሲሆን እነርሱም አራት ብቻ ነበሩ። ለሴቶችና ለወጣቶች የ10 ሰዓት የሥራ ቀን የተደነገገው በ1847 ነው። ኦዌን ይህን በሕይወት ቆይቶ አይቷል።

ስህተቶቹና የስምንት ሰዓት ጥያቄ

የኦዌንን ታሪክ ስንናገር ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። በኒው ላናርክ ሠራተኛው ይጠበቅ ነበር እንጂ ድምፅ አልነበረውም። ሁሉን የሚወስነው ኦዌን ነበር። አንድ ደግ አሠሪ ሲሄድ ደግነቱም አብሮት ሊሄድ እንደሚችል አሠራሩ ዋስትና አልነበረውም።

በ1825 በአሜሪካ፣ ኢንዲያና፣ ኒው ሃርመኒ የተባለ መንደር ገዝቶ ሁሉ በጋራ የሚኖርበት ማኅበር አቋቋመ። አባላት ሳይመረጡ በብዛት ገቡ። የሚሠራውና የማይሠራው እኩል ይጠቀም ነበር። መተዳደሪያ ደንቡም በተደጋጋሚ ተለዋወጠ። ማኅበሩ በ1827 ፈረሰ፤ ኦዌንም አብዛኛውን ሀብቱን አጣ። በ1832 ደግሞ በለንደን ዕቃ በወሰደው የሥራ ሰዓት ልክ የሚለዋወጥበት ገበያ ከፈተ። ይህም ሁለት ዓመት ያህል ብቻ ቆየ። ከእነዚህ ውድቀቶች የምንማረው በጎ ሐሳብ ያለ ግልጽ ደንብ፣ ያለ አባላት ተሳትፎና ያለ ሒሳብ ቁጥጥር እንደማይጸና ነው።

ይሁንና ኦዌን ከሥራ ሰዓት ጥያቄ አልራቀም። በ1833 መጨረሻ ከአንዳንድ የፋብሪካ ባለቤቶችና ከሠራተኛ መሪዎች ጋር ሆኖ ሠራተኛው ደመወዙ ሳይቀነስ በቀን ስምንት ሰዓት ብቻ እንዲሠራ የሚጠይቅ ማኅበር መሠረተ። እዚህ ላይ ሰዓቱና ደመወዙ አብረው መቅረባቸውን ማስተዋል ያሻል። ሰዓት ተቀንሶ ደመወዝም አብሮ ከተቀነሰ ድሃ ሠራተኛ ሌላ ሥራ ፍለጋ ይሄዳል እንጂ አያርፍም።

በ1834 ኦዌን የመላ አገሪቱን የሠራተኛ ማኅበራት ያሰባሰበ ትልቅ ድርጅት ይመራ ነበር። በዚያ ዓመት መጋቢት ወር በዶርሴት አውራጃ፣ ቶልፐድል በተባለ የገጠር መንደር ስድስት የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አቋቁመው ቃለ መሐላ በመፈጸማቸው ወደ አውስትራሊያ ለሰባት ዓመት ግዞት ተፈረደባቸው። ማኅበሩን ያቋቋሙት ደመወዛቸው በመቀነሱ ነበር። በሚያዝያ ወር በለንደን ለእነርሱ ምሕረት የሚጠይቅ ታላቅ ሰልፍ ሲደረግ ኦዌን ከሰልፈኞቹ ጋር ነበር። ገበሬዎቹ በ1836 ምሕረት ተደረገላቸው።

የሮችዴል ምሽቶች

በእንግሊዝ ሮችዴል ከተማ 28 ሰዎች በ28 ፓውንድ መነሻ ካፒታል ታኅሣሥ 21 ቀን 1844 ሱቅ መክፈታቸውን አብዛኛው አንባቢ ያውቃል። ከመካከላቸው የኦዌን ተከታዮች ነበሩበት። ለሽያጭ ያቀረቡት ዱቄት፣ የአጃ ዱቄት፣ ስኳርና ቅቤ ነበር። እምብዛም የማይነገረው ሱቁ መጀመሪያ ላይ የሚከፈትበት ሰዓት ነው። የሚከፈተው ቅዳሜና ሰኞ ማታ ብቻ ነበር። ቀን ቀን ሁሉም በሥራ ላይ ስለነበሩ ሌላ ጊዜ አልነበራቸውም።

ይህ ትንሽ ነገር ትልቅ ቁም ነገር ይዟል። ኅብረት ሥራ ጊዜ ይፈልጋል። ስብሰባ፣ ሒሳብ ምርመራ፣ ምርጫና ትምህርት ሁሉ የሚከናወኑት ከሥራ ውጪ ባለው ሰዓት ነው። የሮችዴል ሰዎች ኦዌን ያጎደለውን ሞሉ። አንድ አባል አንድ ድምፅ አሉ፤ ሒሳባቸውን በየጊዜው አስመረመሩ፤ ቆይተውም ከትርፋቸው 2.5 በመቶውን ለትምህርት መደቡ። ከኦዌን ግን የወረሱት ነገር አለ። የሚማርና የሚያርፍ ሰው ራሱን ማስተዳደር ይችላል የሚለውን እምነት ነው።

ኦዌን እስከ መጨረሻው ሲናገርና ሲጽፍ ኖረ። በ1856 የሜልቦርን ከተማ ግንበኞች ደመወዛቸው ሳይቀነስ የስምንት ሰዓት የሥራ ቀን ሲያስከብሩ እርሱ የ84 ዓመት አዛውንት ነበር። በ1858 ሊቨርፑል ለንግግር ሄዶ ታመመ። ወደ ተወለደባት ኒውታውን እንዲወስዱት ጠይቆ ኅዳር 17 ቀን በ87 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ። የተቀበረው ከወላጆቹ ጎን ነው። በ1902 የእንግሊዝ የኅብረት ሥራ ማኅበራት በመቃብሩ ላይ መታሰቢያ አቆሙለት። ኒው ላናርክም በ2001 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

የኦዌን ጥያቄና የእኛ ማኅበራት

ኦዌን በሞተ በ61ኛው ዓመት፣ በ1919፣ ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ሲቋቋም ያጸደቀው የመጀመሪያ ስምምነት በኢንዱስትሪ የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 እንዲሆን የሚደነግግ ነበር። ኢትዮጵያ የድርጅቱ አባል የሆነችው በ1923 ነው። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 42 ሠራተኞች በአግባቡ የተወሰነ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ የመዝናኛ ጊዜና ከክፍያ ጋር የዕረፍት ቀናት የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በማኅበር የመደራጀት መብት ካላቸው መካከልም ገበሬዎችንና የእርሻ ሠራተኞችን በስም ይጠቅሳል።

ዝርዝሩ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተቀምጧል። መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 መብለጥ የለበትም። ሠራተኛ በሰባት ቀን ውስጥ ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት ይገባዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ የሚፈቀደው አደጋ ሲደርስ ወይም ሲያሰጋ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲያጋጥም፣ አስቸኳይ ሥራ ሲኖር፣ ወይም ያለማቋረጥ በሚካሄድ ሥራ ላይ የቀሩ ሠራተኞችን ለመተካት ነው። ይህም በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉ ወጣት ሠራተኞች በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት፣ እንዲሁም ትርፍ ሰዓት ወይም ሌሊት መሥራት አይፈቀድላቸውም።

ክፍያውን በምሳሌ እንመልከት። መደበኛ ደመወዙ ሲሰላ በሰዓት 40 ብር የሚደርሰው የመጋዘን ሠራተኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት ከሠራ በአንድ ተኩል ተባዝቶ በሰዓት 60 ብር ይከፈለዋል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ከሆነ በአንድ ከሦስት ሩብ ተባዝቶ 70 ብር ነው። በሳምንት የዕረፍት ቀኑ ከሆነ በሁለት ተባዝቶ 80 ብር፣ በሕዝብ በዓል ቀን ከሆነ በሁለት ተኩል ተባዝቶ 100 ብር ይሆናል።

ምርት በሚገባበት ወቅት ጭነት ሲደራረብ፣ መኪና ሲቆም፣ የገዢ ቀነ ገደብ ሲደርስ ሥራው ሌሊት ድረስ መዝለቁ ይታወቃል። በዚህ ጊዜ የሥራ አመራር ኮሚቴው ሊያደርግ የሚገባው ግልጽ ነው። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት ይመዝገብ። ትርፍ ሰዓት ሲያስፈልግ በማን ትእዛዝ፣ ለስንት ሰዓት እንደተሠራ በጽሑፍ ይያዝ። ሥራው በየዓመቱ የሚደጋገም ከሆነ ተጨማሪ የፈረቃ ሠራተኛ በጀት ቀድሞ ይያዝለት። የቁጥጥር ኮሚቴውም ገንዘብና ምርት እንደሚመረምር ሁሉ የሠራተኞችን የሰዓት መዝገብ ይመርምር። ጠቅላላ ጉባኤውም የዓመቱን ሪፖርት ሲሰማ ትርፉ ስንት ነው ብሎ እንደሚጠይቅ ሁሉ ትርፉ የተገኘው የማንንም ድካም ሳይከፈል በማስቀረት አለመሆኑን ይጠይቅ።

ከሠራተኞቻችን ብዙዎቹ የአባሎቻችን ልጆችና ጎረቤቶች ናቸው። ዛሬ ጆንያ የሚሸከመው ወጣት ነገ አባል፣ ከነገ ወዲያ የኮሚቴ ተመራጭ ይሆናል። ማኅበሩን የሚያየው ደግሞ ዛሬ በተያዘበት መንገድ ነው። ኦዌን በለንደኑ ሱቅ ደረጃውን እየተጎተተ የወጣባቸውን ሌሊቶች አልረሳቸውም፤ አሠሪ ሲሆንም በዚያ መንገድ ላለማሠራት ወሰነ። እኛም በአሠሪነታችን የምንወስነው ይህንኑ ነው።

ለዩኒየናችን አባላት፣ ለሠራተኞቻችንና ከጎናችን ለቆሙ የአካባቢ መስተዳድር አካላት በሙሉ መልካም የምሥረታ በዓል እንመኛለን።